የመብረቅን ጫጫታ መለካት፦ መቼ? ከየት? ምን ያህል?

የሬዲዮ ትምህርታዊ ዝግጅት
ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለጠቅላላው አድማጭ

(መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይገባል፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ በጎንደር ከተማ፣ በአዘዞ፣ በደምቢያና በጭልጋ፣ እንዲሁም ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባትና ደባርቅ ባለው ደጋ ሆናችሁ የምትከታተሉን ሁሉ፣ ለዛሬው የሳይንስ ትምህርታችን መማሪያ መጽሐፍ አያስፈልገንም። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ፣ ሰዓት፣ ደብተርና እርሳስ ይበቃናል። መጀመሪያ ይህን እንስማ።

(ድምፅ፦ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ። ዜና አንባቢ በሩቁ ይሰማል፤ በመሐሉ ደረቅ «ጧ!»፣ ከዚያ ረዘም ያለ መንኮሻኮሽ፣ እንደገና «ጧ! ጧ!»)

አቅራቢ፦ ታውቁታላችሁ። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዜናው ደርሶ ዋናው ነገር ሲነገር የሚገባው ጫጫታ ነው። ብዙዎቻችን ያኔ አንቴናውን እንነካካለን፤ ሬዲዮውን መታ መታ እናደርገዋለን፤ ባትሪውን እንጠረጥራለን። ሬዲዮው ግን አልተበላሸም። «ጧ» ባለ ቁጥር አንድ ቦታ መብረቅ ወድቋል ወይም በደመና ውስጥ ለውስጥ ተተኩሷል። ቦታው ጣና ሐይቅ ላይ ሊሆን ይችላል፤ መተማ ቆላ ሊሆን ይችላል፤ ጊዜው ሌሊት ከሆነ ደግሞ ከሱዳንም ማዶ ሊሆን ይችላል።

«ዛሬ ሬዲዮው በጣም ይንጫጫል» ስንል የተሰማንን ተናገርን እንጂ አልለካንም። ጫጫታው ወደ እውቀት የሚለወጠው ሦስት ጥያቄዎች ሲመለሱ ነው፦ መቼ ተሰማ? ከየት መጣ? ምን ያህል ነበር? ዛሬ ሦስቱንም በየተራ እናያለን። ከዚያ በፊት ግን መብረቅ እንዴት የሬዲዮ ድምፅ እንደሚሆን እንረዳ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የጣና ሐይቅ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር ትበልጣለች። ከዚያ ወደ ሰሜን የስሜን ተራሮች ተነሥተው ራስ ዳሸን ላይ ከ4,500 ሜትር ያልፋሉ። በክረምት ከሐይቁና ከቆላው የሚመጣው እርጥብ አየር ይህን ዳገት ሲያገኝ ሽቅብ ከመውጣት በቀር ምርጫ የለውም። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ይደምናል። የከሰዓት ፀሐይ ያሞቀው መሬት ሲጨመርበት ደመናው በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ያድጋል።

በዚህ ደመና ሆድ ውስጥ ሁለት ዓይነት በረዶ አለ። አንዱ ቀላል የበረዶ ብናኝ ነው፤ ሽቅብ የሚነፍሰው አየር ወደ ላይ ይወስደዋል። ሌላው ከበድ ያለ ለስላሳ የበረዶ ጠጠር ነው፤ ወደ ታች ይወርዳል። የሚወጣውና የሚወርደው ሲጋጩ የኤሌክትሪክ ሙል ይለዋወጣሉ። በተለመደው ሁኔታ የደመናው አናት አዎንታዊ፣ ከመካከል ወደ ታች ያለው ክፍል አሉታዊ ሙል ይይዛል። ልዩነቱ አየሩ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሲሆን መንገድ ይከፈታል፤ መብረቅ ይሆናል።

ወደ መሬት በሚወርድ መብረቅ ውስጥ የሚያልፈው ጅረት አብዛኛውን ጊዜ 30,000 አምፔር አካባቢ ይደርሳል። የመንገዱን አየር ወደ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያግለዋል፤ ይህ ከፀሐይ ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ነው። ይህ አየር በቅጽበት ሲፈነዳ ነጎድጓድ እንሰማለን። ብልጭታውን ስናይ ደግሞ አንዳንዴ ብርሃኑ ይርገበገብብናል። ዓይናችን አልተሳሳተም፤ በአንዱ ብልጭታ ውስጥ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበዙ ምቶች በዚያው መንገድ እየተከታተሉ ይወርዳሉ።

አሁን ወደ ሬዲዮው እንምጣ። የኤሌክትሪክ ጅረት በድንገት ሲጨምርና ሲቀንስ የሬዲዮ ሞገድ ይወጣል። የጣቢያ ማሰራጫም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ልዩነቱ ማሰራጫው በተመደበለት አንድ ድግግሞሽ ላይ ብቻ ሲናገር መብረቅ በሁሉም ላይ መጮኹ ነው። ከሁሉ የሚበረታው ከ5 እስከ 10 ኪሎ ኸርዝ ባለው በጣም ዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ ነው። ድግግሞሹ ከፍ ባለ መጠን ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ መካከለኛ ሞገድ ላይ በደንብ ይሰማል፤ አጭር ሞገድ ላይም ይሰማል፤ ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው የኤፍ ኤም መስመር ላይ ግን እምብዛም አይሰማም።

ለኤፍ ኤም ጸጥታ ሌላም ምክንያት አለ። መካከለኛና አጭር ሞገድ ንግግሩን የሚሸከሙት በሞገዱ ጉልበት ከፍና ዝቅ ማለት ነው። መብረቅ ጉልበት ሲጨምር ተቀባዩ ከንግግር አይለየውም፤ አብሮ ያሰማዋል። ኤፍ ኤም ግን ንግግሩን በድግግሞሹ መለዋወጥ ስለሚሸከም ተቀባዩ የጉልበቱን ከፍታና ዝቅታ ቆርጦ ይጥለዋል። ለዛሬው ትምህርት ታዲያ ኤፍ ኤም አይጠቅመንም። መካከለኛ ሞገድ ያለው አሮጌ ሬዲዮ ካላችሁ ከሣጥን አውጡት።

(ድምፅ፦ የሩቅ ነጎድጓድ)

አቅራቢ፦ እዚህ ላይ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በሜይ 1895፣ ከዐድዋ ጦርነት አሥር ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ አሌክሳንደር ፖፖቭ የተባለ ሩሲያዊ የፊዚክስ መምህር በሴንት ፒተርስበርግ አንድ መሣሪያ ለምሁራን አሳየ። መሣሪያው የብረት ብናኝ የተሞላ የመስታወት ቱቦና ደወል ነበረው። የሬዲዮ ሞገድ ሲያልፍ ብናኙ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምርና ደወሉ ይደወላል፤ የደወሉ መዶሻ ደግሞ ቱቦውን መትቶ ብናኙን ለሚቀጥለው ያዘጋጀዋል። በዚያው ዓመት ይህ መሣሪያ በአንድ የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ ጣቢያ ተተክሎ የሚመጣውን ነጎድጓድ ይመዘግብ ጀመር። ገና ዜናና ሙዚቃ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ሳይኖር ሬዲዮ መብረቅን ያዳምጥ ነበር ማለት ነው። ዛሬ የምንማረውም ያንኑ የመጀመሪያ ሥራውን ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ፦ መቼ?

የመብረቅ ብርሃንና የሬዲዮ ሞገዱ በእኩል ፍጥነት ይጓዛሉ፤ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር። የነጎድጓዱ ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ብቻ ይሄዳል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ሦስት ሰከንድ ይፈልጋል። ብልጭታ አይቶ ሰከንድ መቁጠርና ለሦስት ማካፈል ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ዘዴ ነው። ነገር ግን እኛ አገር ጋራ ይበዛል። ቤታችሁ ከሸለቆ ከሆነ ወይም መስኮቱ በሌላ በኩል ከዞረ ብልጭታው ያመልጣችኋል። የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮን ግን ጋራ አይከለክለውም፤ መስኮትም አይፈልግም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዱ ሬዲዮውን ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ ያደርግና ጆሮውን ይሰጣል፤ ሌላው ሰዓት ይይዛል። ሬዲዮው «ጧ» ሲል የመጀመሪያው «አሁን!» ይላል። ሁለተኛው ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንዱን ይቆጥራል። 12 ሰከንድ ከሆነ መብረቁ አራት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነበር። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ስትደግሙት ዘጠኝ ሰከንድ ከመጣ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት ቀርቧል፤ ዝናቡ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። ነጎድጓድ ከ15 እና ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ እምብዛም ስለማይሰማ «ጧ» ብሎ ነጎድጓድ ያልተከተለው ሁሉ ከዚያ የራቀ ነው ብላችሁ መዝግቡ። ምቶቹ ሲበዙ የትኛው ነጎድጓድ የየትኛው «ጧ» እንደሆነ ይደበላለቃል፤ ስለዚህ ይህን ልኬት ዝናቡ ሲጀምር ወይም ሲያባራ ብትሠሩት ይሻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ከየት?

ሬዲዮዎቻችሁን ከፍታችሁ ካያችሁ ውስጡ አንድ ጥቁር ዘንግ አለ፤ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎበታል። የመካከለኛ ሞገድ አንቴናው ይህ ነው፤ ከውጭ የሚሳበው ብረት አይደለም። ዘንጉ አብዛኛውን ጊዜ በሬዲዮው ርዝመት ልክ ይተኛል። ጎኑን ወደ ማሰራጫው ስታዞሩት ድምፁ ይጠነክራል፤ ጫፉን ስታዞሩት ይደክማል፤ ልክ ሲገጥም ሊጠፋ ምንም አይቀረው። አቅጣጫ የምንለካው በሚጠፋበት ነው፤ ምክንያቱም ጆሯችን ከፍተኛውን ድምፅ ከሌላው ከፍተኛ ድምፅ በደንብ አይለይም፤ የጠፋበትን ግን አይስተውም።

መጀመሪያ ማሰራጫው የት እንዳለ በምታውቁት የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ተለማመዱ። ከዚያ ጣቢያ ወደሌለበት ሂዱና ሬዲዮውን በአግድሙ እንዳስተኛችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። መንኮሻኮሹ የሚቀንስበትን አቅጣጫ ስታገኙ የዘንጉ ጫፍ ወደ መብረቁ ያመለክታል። ከቆርቆሮ ግድግዳና ከመብራት ሽቦ ራቅ በሉ፤ ሁለቱም መስመሩን ያጣምሙታል።

አንድ ችግር አለ። ዘንጉ ሁለት ጫፍ አለው። ከጎንደር ከተማ ሆናችሁ መስመሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከተኛ መብረቁ ጣና ላይ ይሁን ተከዜ በኩል ሬዲዮው አይነግራችሁም። ስለዚህ ሁለተኛ አድማጭ ያስፈልጋል። አይከል ከተማ ያለ ጓደኛችሁ በዚያው ሰዓት ቢለካና የእሱ መስመር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዘነበለ ቢሆን ሁለቱን በካርታ ላይ አስምሩ። ሐይቁ ላይ ይቆራረጣሉ፤ ዝናቡ ያለው እዚያ ነው።

ደባርቅ ያለ ጓደኛ ቢለካስ? እዚህ ላይ ካርታውን በደንብ ተመልከቱ። ደባርቅ፣ ጎንደርና ጣና በአንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ከደባርቅና ከጎንደር ወደ ሐይቁ የሚሰመሩት መስመሮች ተደራርበው ሊሄዱ ምንም አይቀራቸውም፤ የት እንደሚቆራረጡ ለማወቅ ያስቸግራል። ትንሽ የእጅ ስሕተት መቆራረጫውን በአሥር ኪሎ ሜትሮች ያዛውረዋል። ያው የደባርቅ አድማጭ ግን ዝናቡ መተማ በኩል ሲሆን ከጎንደሩ ጋር ጥሩ ሥራ ይሠራል። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመለኪያ ቦታዎቹ ለዝናቡ ያላቸው አቀማመጥ ነው።

ይህን የመስመር ዘዴ ወደ ሙያ ያደረሰው ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዋትሰን ዋት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀምሮ ነጎድጓድን በሬዲዮ አቅጣጫ ለማግኘት ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1935 አውሮፕላን የሚያገኘውን ራዳር ለአገሩ አሳየ። ከመብረቅ ጋር ያሳለፋቸው ዓመታት ያስተማሩትን ወደዚያ ሥራ ይዞት ገብቷል።

የዛሬው የሙያ ዘዴ ደግሞ አቅጣጫን ትቶ ወደ ሰዓት ተመልሷል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ የመብረቅ መረብ በተለያዩ አገሮች 70 ያህል ተቀባዮች አሉት። እያንዳንዱ ተቀባይ ሰዓቱን ከጂፒኤስ ሳተላይት ይወስዳል። የአንዱ መብረቅ ሞገድ በእያንዳንዱ ጣቢያ የደረሰበት ሰዓት ይነጻጸርና ቦታው በስሌት ይገኛል። ሞገዱ በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ውስጥ 300 ሜትር ስለሚሄድ የሰዓት ጥራት የቦታ ጥራት ማለት ነው። አንድን መብረቅ ለመቀበል ቢያንስ አምስት ጣቢያዎች ሰምተውት መሆን አለበት። ጎንደር ላይ የወደቀ መብረቅ ሌላ አህጉር ላይ ይሰማል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም የሚከብደው ነው፦ ምን ያህል?

ክብደቱ የሚመጣው ጫጫታው አንድ ዓይነት ባለመሆኑ ነው። ቅዳሜ ገበያን ከሩቅ ስትሰሙት አንድ ወጥ ጉምጉምታ ነው፤ አጠገባችሁ ያለ ነጋዴ ሲጣራ ግን ቃሉ ተለይቶ ይሰማል። የመብረቅ ጫጫታም እንዲሁ ነው። በሩቅ አገር ያሉ ብዙ መብረቆች ተደራርበው የማያቋርጥ ሽሽታ ይሆናሉ፤ ቅርብ ያለው ለብቻው «ጧ» ይላል። አማካይ ጉልበቱን ብቻ ከወሰድን አንዱ የቅርብ ምት ሙሉ ሰዓቱን የተንጫጫ ያስመስለዋል። ምቱን ብቻ ከቆጠርን የሩቁን ሽሽታ እናጣዋለን። ስለዚህ ባለሙያ ሁለቱንም ለየብቻ ይመዘግባል።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የድምፅ መክፈቻውን አንድ ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉበትና ከዚያ አታንቀሳቅሱት፤ በየቀኑ ከፍ ዝቅ የተደረገ ሬዲዮ ምንም አይለካም። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ድግግሞሽ ላይ ለአንድ ደቂቃ አዳምጡ። «ጧ» ያለውን ቁጠሩና ጻፉ። ከዚያ ከበስተጀርባ ያለውን ሽሽታ ጸጥ ያለ፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ብላችሁ መድቡት። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከቀኑ 10 ሰዓትና ማታ 3 ሰዓት ላይ ብትሠሩት ሦስቱ ጊዜያት ምን ያህል እንደሚለያዩ ራሳችሁ ታያላችሁ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ጫጫታ ሁሉ መብረቅ አይደለም። የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ የፀሐይ ኃይል መቆጣጠሪያ፣ የሚያፈስ የመብራት ምሰሶ ሁሉ ሬዲዮ ይረብሻሉ። መለያው ቀላል ነው። የእነዚህ ድምፅ ወጥ ነው፤ ዝ... ብሎ ይቀጥላል፤ ሶኬቱ ሲነቀል ይቆማል። የመብረቅ ድምፅ ቅጥ የለውም፤ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ አታውቁትም። ለዚህ ልኬት ከከተማ ቤተ ሙከራ ይልቅ ከመብራት መስመር የራቀ የወገራ ሜዳ ይሻላል።

ይህ ሥራ በዓለም ደረጃም ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1957 ወዲህ አንድ ዓይነት መሣሪያ የተተከለባቸው ጣቢያዎች በየአህጉሩ የመብረቅን ጫጫታ ለዓመታት ለክተዋል፤ በአፍሪካ ከነበሩት መካከል የናይጄሪያዋ ኢባዳንና የደቡብ አፍሪካዋ ፕሪቶሪያ ይገኛሉ። ከዚያ የወጣው በየወቅቱና በየሰዓቱ የተከፋፈለ የጫጫታ ካርታ ተሻሽሎ እስከ ዛሬ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ይታተማል። ጥቅሙ የኪስ ጉዳይ ነው። አድማጩ ዘንድ ጫጫታው በአሥር እጥፍ ከጨመረ፣ ንግግሩ እንደ ቀድሞው እንዲሰማ ከተፈለገ፣ ማሰራጫውም ጉልበቱን በአሥር እጥፍ መጨመር አለበት፤ 10 ኪሎ ዋት ይበቃ የነበረው 100 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። በሐሩር አካባቢ ላለ አገር ማሰራጫ የሚተክል መሐንዲስ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ካርታ ነው።

ጫጫታን በጥንቃቄ መለካት ያልታሰበም ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካርል ጃንስኪ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የስልክ ኩባንያው የባሕር ማዶ ንግግርን የሚረብሸውን ነገር እንዲያጣራ መደበው። ጃንስኪ ረባሹን በሦስት ከፈለው፦ የቅርብ ነጎድጓድ፣ የሩቅ ነጎድጓድና ምንጩ ያልታወቀ ደካማ ሽሽታ። ሦስተኛው በየቀኑ አራት ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይመጣ ነበር፤ እንደ ከዋክብት። የመጣውም ፍኖተ ሐሊብ ከምንለው የከዋክብት ጎዳና እምብርት ነበር። የሬዲዮ ሥነ ፈለክ የተጀመረው የመብረቅን ድርሻ ለይቶ ካወጣ የጫጫታ መዝገብ ነው።

(ድምፅ፦ የሌሊት ተፈጥሯዊ ሬዲዮ ቅጂ፤ ከመንኮሻኮሹ መካከል አጭር «ጪው! ጪው!»)

አቅራቢ፦ አሁን የሰማችሁት ወፍ አይደለም። ሌሊት ከሩቅ የመጣ መብረቅ ነው። እንዴት እንዲህ ያለ ድምፅ አገኘ?

ከምድር በላይ ቀን 70፣ ሌሊት ደግሞ ከ85 እስከ 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ አዮኖስፌር የሚባለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ክፍል ይጀምራል። ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ በምድርና በዚህ ክፍል መካከል እየተንጸባረቀ ብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ቀን የታችኛው የአዮኖስፌር ክፍል መካከለኛ ሞገድን ይውጠዋል፤ ማታ ያ ክፍል ይሳሳል። በሌሊት የሩቅ አገር ጣቢያ የሚገባላችሁ ለዚህ ነው፤ የሩቅ አገር መብረቅም አብሮ የሚገባው ለዚሁ ነው። ከሊማሊሞ ተራራ ባሻገር ኤፍ ኤም ሲጠፋ አጭር ሞገድ የሚደርሰውም በዚሁ የሰማይ መንገድ ነው።

«ጪው» የሚለው ድምፅ የዚህን መንገድ ከፍታ ይዟል። ሞገዱ ብዙ ጊዜ ሲንጸባረቅ ከፍተኛ ድግግሞሹ ቀድሞ፣ ዝቅተኛው ዘግይቶ ይደርሳል፤ ከአንድ ገደብ በታች ያለው ጭራሽ አይደርስም። ያ ገደብ ከፍታውን ይነግረናል፤ 150,000ን በገደቡ ድግግሞሽ ማካፈል ነው። ገደቡ 1,700 ኸርዝ ከሆነ መልሱ 88 ኪሎ ሜትር ነው። ጥቂት ሜትር ሽቦ፣ ትንሽ ማጉያና የስልክ ድምፅ መቅጃ ያለው የሳይንስ ክበብ ሮኬት ሳይተኩስ የአዮኖስፌርን ወለል ለካ ማለት ነው።

በሰሜንና በደቡብ ያሉ አገሮች ሌላ ረጅም ፉጨትም ይሰማሉ። የመብረቁ ሞገድ የምድርን መግነጢሳዊ መስመር ተከትሎ ወደ ሕዋ ይወጣና በሌላኛው ንፍቀ ክበብ ይወርዳል። እኛ ዘንድ ይህ የሚጠበቅ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች መስመሮቹ ከራሳችን በላይ አግድም ተኝተዋል ማለት ይቻላል፤ ሞገዱን ሽቅብ የሚመራ የለም። አባ ፒየር ጉዋን የተባሉት ካናዳዊ ኢየሱሳዊ እ.ኤ.አ. በ1957 የአዲስ አበባን ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ሲመሠርቱ ቦታውን ለዓለም ተፈላጊ ያደረገው ይኸው ለመግነጢሳዊው ወገብ ያለው ቅርበት ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የእኛ ደጋ መብረቅ ሌላውን ዓለም የሚመለከተው ለምንድን ነው? በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሣው ነጎድጓድ በከፍታ ባለው የምሥራቅ ነፋስ ተገፍቶ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ሱዳንን፣ ቻድን፣ የሳህልን አገሮች ያቋርጣል፤ ሳምንት ገደማ ሲሆን አትላንቲክ ውቅያኖስ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 አልቤርቶ የተባለው ሐሪኬን አትላንቲክ ላይ ሲነሣ ክሪስ ሂልና ዩ ላንግ ሊን የተባሉ ተመራማሪዎች ዱካውን ወደ ኋላ ተከተሉት፤ በጁላይ መጨረሻ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከተሰባሰበ ትልቅ የነጎድጓድ ደመና ጋር አገናኙት። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ኮሊን ፕራይስና ባልደረቦቹ የ2005ን እና የ2006ን ወቅቶች መርምረው ከአብዛኞቹ የአትላንቲክ ማዕበሎች በፊት በምሥራቅ አፍሪካ መብረቅ ከወትሮው በዝቶ እንደነበር አሳተሙ።

ይህ ማለት ጎንደር ላይ የጮኸ ነጎድጓድ ሁሉ አሜሪካ ላይ ቤት ያፈርሳል ማለት አይደለም። አብዛኛው መንገድ ላይ ይበተናል። ግንኙነቱን ማየት የተቻለው ግን መብረቁ በቀንና በቦታ ተቆጥሮ ስለተመዘገበ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የመጠቀው የአውሮፓ ሜቲዎሳት ሳተላይት አፍሪካን እያየ ብልጭታ የሚቆጥር ካሜራ ይዟል። ሳተላይቱ ብርሃኑን ከላይ፣ ሬዲዮ ጅረቱን ከታች ይይዛሉ፤ አንዱ ያመለጠውን ሌላው ያገኘዋል።

ከመሰናበታችን በፊት ስለ ደኅንነት። ጎንደር መብረቅን የምታውቀው ከጥንት ነው። በቀዳማዊ አፄ ኢያሱ ዘመን የተሠራው የመጀመሪያው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ክብ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1707 በመብረቅ ተቃጥሏል፤ ዛሬ የምንሳለመው ከዚያ በኋላ የተሠራው ነው። ቀይ ልብስ መብረቅ ይስባል የሚሉ አሉ። መብረቅ ቀለም አይመርጥም፤ የሚያየው ከፍታንና ለብቻ መቆምን ነው። ስለዚህ ነጎድጓድ ሲሰማ ከጋራ አናት ውረዱ፤ ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ሜዳ ላይ የተያዘ እረኛ እግሮቹን ገጥሞ ቁጢጥ ይበል፤ መሬት ላይ አይተኛ። ከብቶች አብዝተው የሚሞቱት የፊትና የኋላ እግራቸው ስለሚራራቅ፣ መሬት ለመሬት የሚሄደው ጅረት በአካላቸው ስለሚያልፍ ነው። ከሬዲዮው ወደ ዛፍ ወይም ወደ ጣሪያ የዘረጋችሁት ሽቦ ካለ ደመናው ሳይደርስ ንቀሉት። ልኬቱን የምትሠሩት ቤት ውስጥ፣ በባትሪ ብቻ በሚሠራ ሬዲዮ ይሁን። ከ«ጧ» እስከ ነጎድጓድ 30 ሰከንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ውጭ ያለ ሰው ይግባ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

አሁን የክለሳ ጥያቄዎች። እርሳስ ያዙ።

አንደኛ፦ ሬዲዮው «ጧ» ካለ በኋላ ነጎድጓዱ በ15 ሰከንድ ተሰማ። መብረቁ በስንት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነበር?

ሁለተኛ፦ የ«ጪው» ድምፅ ገደብ 1,800 ኸርዝ ሆኖ ተገኘ። የአዮኖስፌር ከፍታ ስንት ነው?

ሦስተኛ፦ ዝናቡ ጣና ላይ ነው። ከጎንደር ሌላ ሁለተኛ መለኪያ ቦታ ብትመርጡ አይከል ይሻላል ወይስ ደባርቅ? ለምን?

(የ20 ሰከንድ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ መልሱ፦ አንደኛ፣ አምስት ኪሎ ሜትር። ሁለተኛ፣ 83 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሦስተኛ፣ አይከል፤ ምክንያቱም ከጎንደርና ከአይከል የሚሰመሩት መስመሮች በደንብ ይቆራረጣሉ፤ የደባርቁ ግን ከጎንደሩ ጋር ይደራረባል።

የቤት ሥራችሁ የአንድ ወር መዝገብ ነው። አራት ዓምድ አስምሩ፦ ቀንና ሰዓት፣ አቅጣጫ፣ በደቂቃ የተሰማ ምት፣ የበስተጀርባ ሽሽታ። ምንም ያልተሰማበትንም ቀን ዜሮ ብላችሁ ጻፉ፤ ዜሮ የሌለበት መዝገብ ዝናብ የመጣበትን ቀን ብቻ ያሳያል። የሳይንስ ክበቦች መዝገባችሁን ከሌላ ወረዳ ትምህርት ቤት ጋር ተለዋወጡና መስመሮቻችሁን በአንድ ካርታ ላይ አስምሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ኤፍ ኤም ተራራ የማይሻገርበትን ምክንያት እናያለን።

(መለያ ሙዚቃ)